ያልተቆጠረው ውሃ

የሚዛኑ ክፍል መስኮት አይከፈትም። ነፋስ ሽው ካለ ሚዛኑ እንደ ሰካራም ይዋልላልና በሩም ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ኬሚስቷ እዚያ ስትውል ዓመታት አልፈዋል። ከእሷ በፊት ወንበሩ የአባቷ ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም ለልጃቸው አስረክበው ጡረታ ወጡ።

ፋብሪካው ድንችን ከበሽታ የሚጠብቅ ሰማያዊ መድኃኒት በጥብጦ በጄሪካን ይሸጣል። ባለቤቱ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባትና ልጅ የሚኖሩበት ቤትም ከፋብሪካው ጓሮ ያለው የእኚሁ አጎት ቤት ነው። ሥራውም ቤቱም ዘመዱም አንድ አጥር ውስጥ ሲሆን የሚመች ይመስላል። ከአንዱ የተጣላ ግን ከሁሉም ተጣላ ማለት ነው።

ከሚዛኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አባቷ በዘይት ቀለም የጻፉት ቁጥር አለ፦ 159.5። የኮፐር ሰልፌት የአንድ ሞል ክብደት ነው። ለአንድ ሊትር ይህን ያህል ግራም መዝኖ መበጥበጥ ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እንደገና ላስላው ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ እሷም አላሰላችውም። አባት የጻፈውን ማን ያርማል?

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ገበሬ የጠቆረ የድንች ቅጠል በነጠላዋ ጠቅልላ መጣችና የፋብሪካው በር ላይ ቆመች።

«ሁለት ዓመት እናንተ ባላችሁት ልክ ረጨሁ፤ ሁለት ዓመት መሬት ውስጥ በሰበሰብኝ» አለች። «መድኃኒታችሁ ውሃ ነው።»

ዘበኛው ሳቀ። ኬሚስቷም ለመሳቅ ቃጥቷት ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት ስታይ ተወችው። «ቆይ፣ ልመርምረው» ብላ ሚዛኑ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች።

ወረቀት ስባ ሀ ብላ ጀመረች። መዳብ 63.5። ድኝ 32። ኦክስጅን አራት ነው፣ አንዱ 16፣ አራቱ 64። ደመረችው፤ 159.5። እፎይ አለች። የአባቷ ቁጥር ቁጭ ብሏል።

ቀና ስትል ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ካለው ዱቄት ላይ አረፈ። ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መሆኑን በየቀኑ ስታየው ነው የኖረችው፤ ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን የሚያየው በስንት ጊዜው ነው። የደረቀ ኮፐር ሰልፌት እኮ ነጭ ነው። ሰማያዊ የሚሆነው ውሃ ሲይዝ፣ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አምስት አምስት የውሃ ሞለኪውል ሲታሰርበት ነው። ውሃው በእጅ አይታወቅም፤ ዱቄቱ ሲነኩት እንደ ጨው ደረቅ ነው። ሚዛኑ ላይ ግን ይመዝናል። አንዱ ውሃ 18፣ አምስቱ 90። ጨመረችው፤ 249.5 ሆነ።

ሦስት ጊዜ ደመረችው። እንዲሳሳትላት ነበር የምትደምረው፤ አልተሳሳተላትም። መድኃኒት ነው ብለው ከሚመዝኑት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሴትዮዋ እውነቷን ነው።

በሩ ተከፈተና አጎቷ የጥራት ማረጋገጫውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የወንድሜ ልጅ፣ ዱቄቱ ገብቷል፣ ዝናቡ ሳይቀድመን በጥብጠን መጫን አለብን። ከምሳ በኋላ ፈርመሽ እንዳገኘው።»

«ጋሼ፣ ቁጥሩን አንዴ ላጣራ ብዬ...»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የአባትሽ ቁጥር እኮ ነው» አሉና ወጡ። በሩም ተዘጋ። እሷ ካልፈረመች ጭነት ከዚያ ግቢ አይወጣም፤ ክፍሉ ያን ጊዜ ጠበባት።

ምሳ ላይ አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«አባባ፣ ዱቄቱ ድሮም ሰማያዊ ነበር?»

ማንኪያቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «መጀመሪያ የሚመጣልን ነጩ ነበር። ቁጥሩን የጻፍኩት ያኔ ነው።»

«ሰማያዊው ሲመጣስ?»

«ረሳሁት። በለመደ እጄ መዘንኩ። ትዝ ሲለኝ ዓመት አልፎ ነበር። ስንት ሰው ረጭቶታል፣ ስንት ማሳ... ዛሬ ለወንድሜ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሰነበትኩ። በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

«ተዉትና ለእኔ አስረከቡኝ።»

አባቷ ሳህኑን ገፋ አደረጉ። «ወንድሜ ማስታወቂያ አውጥቶ ሰው ሊቀጥር ነበር። የባዳ ልጅ ቢገባበት በሳምንቱ አደባባይ ያወጣኝ ነበር። አንቺ ግን ብታገኚውም የአባትሽን ገመና አታወጪም። ለዚህ ነው።»

እሷ የሕንጻ ሥራ ልትማር ነበር ሐሳቧ። ኬሚስትሪ ይሻልሻል ብለው የለመኗት እሳቸው ናቸው። ወንበሬን የሚመጥን ሌላ ሰው የለም ያሏትን ለጓደኞቿ ስንቴ በኩራት አውርታዋለች! ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ደግሞ ለእሳቸው ማዘኗ ነው። ሳትበላ ተነሣች።

አጎቷ ሚዛኑ ክፍል ቆመው ይጠብቃሉ። «ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም፣ ጋሼ። ይኼኛው ዱቄት ውሃ ያለበት ነው። በሊትር ዘጠና ግራም ካልተጨመረ አይሠራም። ከእንግዲህ የሚመጣውንም በአዲስ ቁጥር ነው የምንመዝነው።»

አጎቷ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ እሷ አዩ። ነጋዴ ናቸው፤ ከኬሚስትሪው የሚያውቁት የጆንያውን ዋጋ ብቻ ነው። «ያለፈውስ? የሸጥነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ከኋላዋ የአባቷን ሳል ሰማች፤ ጓሮውን አቋርጠው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያለፈው ደህና ነው» አለች።

«ጎሽ። ካልሽ ይጨመር» አሉ አጎቷ። «ወንድሜ እውነቱን ነው፣ ለዚህ ወንበር ካንቺ ወዲያ ሰው የለም። በይ እንግዲያው ያቺን ሴትዮ አሰናብቺልኝ፣ ከበር አልነሣም ብላለች። መድኃኒቱ ልክ ነበር በያት። ካንቺ አፍ ከሰማች ታምናለች።»

አባቷ ከበሩ ገለል ብለው አሳለፏት። ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ኬሚስቷን ስታይ ፊቷ በራ። «መረመርሽው፣ እህቴ?»

«መርምሬዋለሁ።»

«እሺ?»

«ልክ ነበር።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። «እንግዲያው የከዳኝ መሬቴ ነው። ባለቤቴ እንሽጠውና እንሂድ ሲለኝ፣ ቆይ መድኃኒቱን ላስመርምር ብዬ ነበር የያዝኩት። እግዜር ይስጥሽ፣ አሁን ቁርጤን አወቅሁ።»

ኬሚስቷ አፏን ከፈተች። ሴትዮዋም የምትለው ያለ መስሏት ቆማ ጠበቀቻት። ኬሚስቷ ግን እጇን ዘርግታ ጨብጣ አሰናበተቻት።