ከሐኪም የተደበቀ ሆድ

እርግዝናዬን ከሰው ዓይን ልደብቅ ብዬ ከሐኪሜ ጭምር የደበቅኩ ጀግና እኔ ሱሃይላ ነኝ። «ሆድ ሳይገፋ አይወራም» ብላ ያሳደገችኝ እናቴ እንኳ እንዲህ ያለች ታዛዥ ልጅ አልጠበቀችም።

አዳማ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ሉፐስ የሚሉት በሽታም አለኝ፤ ሰውነቴ ጠላት ያገኘ እየመሰለው ራሱን ያጠቃል። ለዚህ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ክኒን ስውጥ ኖሬያለሁ። ዶክተር የሺዓለም «ማርገዝ ስታስቢ ቀድመሽ ንገሪኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ማርገዜን ባወቅኩበት ቀን ክኒኑን ሽንት ቤት ደፋሁት። ክኒን ፅንስ ይጎዳል አልኩ። «ማንን አማከርሽ?» ብትሉኝ፣ ራሴን! ተማከርኩ፣ ተስማማሁ፣ ጨረስኩ።

በቀጠሮዬ ቀን ሰፊውን ጅልባቤን ለብሼ ከች እላለሁ።

«መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?»

«በደንብ!»

«ወፈር አልሽ ልበል?»

«ፓስታ አብዝቼ ነው ዶክተር።»

ባሌ አብዱናሲር «ኧረ ለሐኪም እንኳ ንገሪ» ቢለኝ፣ «አንተ የሴት ነገር ምን ታውቃለህ!» ብዬ አፉን አስዘጋሁት።

በአምስተኛው ወር ጣቶቼ አብጠው መቀስ መያዝ አቃተኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ ዶክተር የሺዓለም ሆዴን ዳሰስ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ። ፓስታውን አላነሳችብኝም። ቀጥታ አልትራሳውንድ ክፍል ወሰደችኝ።

የልጄን ልብ ሰማሁት። ድው ይልና ይቆያል። ደግሞ ድው ይላል።

«በደቂቃ ስልሳ ነው» አለች። «ከመቶ አስር በላይ መሆን ነበረበት። አንቺን የሚያጠቃው ነገር በደምሽ በኩል ወደ ፅንሱ አልፎ ልቡን ነክቶታል። ክኒኑ ፅንስ አይጎዳም ሱሃይላ፤ እንዲያውም ይህን አደጋ ይቀንስ ነበር።»

«አሁንስ ይድናል?»

«የተጎዳው አይመለስም። ግን እንዲህ ሆነው ተወልደው፣ ልባቸውን የሚያግዝ መሣሪያ ተገጥሞላቸው የሚያድጉ አሉ። እንከታተለዋለን።»

ከሰው ዓይን የጠበቅኩትን ልጅ የገዛ ደሜ አገኘው። አልጋው ላይ እንደተጋደምኩ አለቀስኩ።

አሁን ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ክኒኔን እውጣለሁ፣ በየሳምንቱ ልቡን አዳምጣለሁ፤ ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ «አዎ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልቡን አሞታል፣ ዱዓ አድርጉለት» እላለሁ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?» ይለኝ ይሆናል። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም።

ብቻ ያ ረቢ፣ አድጎ ይጠይቀኝ።