«ኢትዮጵያ» የተባለው ከረጢት

«ይኼ ሽንኩርት ለቅሶ ቤት መምጣቱን አልሰማም እንዴ? አንድ እንባ እንኳ አላስወጣኝም» አሉ ወይዘሮ ሙፈሪሓት፣ የላጡትን ነጭ ፍሬ ወደ ሳህኑ እየጣሉ።

ርብቃ ወደ ጋራዡ የገባችው ተጨማሪ ወንበር ልታወጣ ነበር። ሳህኑን አየች፤ ለለቀስተኛው ወጥ ከሚሠሩት የእናቷ ጓደኛ እግር ሥር የወደቀውን ባዶ የሽንኩርት መረብ ከረጢትም አየች። መረቡ ላይ በአባቷ እጅ፣ በወፍራም ማርከር «ኢትዮጵያ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ታስሯል።

«እትዬ ሙፈሪሓት፣ ያቁሙ! ሽንኩርት አይደለም። የአባዬ አበባ ነው።»

አባቷ አቶ አሥራት ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ሳሎን በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ እንደ ወጉ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ርብቃ ግን ከቀብሩ ጀምሮ ልቧ ጋራዡ ውስጥ ነው። አባቷ ሆስፒታል ሳሉ «ውርጩ ካለፈ በኋላ አውጥተሽ ትከያቸው። ሌላው ቢጠፋ ይጥፋ፣ የእኛዋን አደራ» ብለዋት ነበር። እሷም በሕይወቷ አንድ ቃሪያ እንኳ አብቅላ ሳታውቅ፣ በሙሉ ልብ «እሺ፣ አታስብ» አለች።

አቶ አሥራት ክሪስታል ሲቲ የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው በአበባ የተለከፉት። ጎረቤታቸው አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ግቢዋን «የእንግሊዝ ገጠር ጓሮ ማለት ይኼ ነው» እያለች ትኮራበታለች። አቶ አሥራት መጽሐፍ አገላብጠው መጡና፣ አጥሩን ተደግፈው እንደ ኢሚግሬሽን መኮንን አበባውን ሁሉ አገሩን ጠየቁት። ዳሊያው ከሜክሲኮ፣ ጄራኒየሙ ከደቡብ አፍሪካ፣ ረጅሙ ሆሊሆክ ከእስያ ሆኖ ተገኘ። «የእንግሊዙስ የትኛው ነው?» ቢሏት፣ ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና «አጥሩ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወዳጆች ሆኑ።

ያቺን አበባ ያገኟትም ከሴትዮዋ የአበባ መሸጫ ካታሎግ ላይ ነው። ነጭ ናት፤ ልቧ ወይን ጠጅ ነው። ስሟ ሥር «አቢሲኒያ» የሚል ቢያዩ አሥር ፍሬ አዘዙ። የሜሪላንድ ብርድ ስለሚገድላት፣ ቅጠሏ በደረቀ ቁጥር ሽንኩርት የሚመስል ሥሯን ቆፍረው ያወጡና በሽንኩርት መረብ ጋራዥ ይሰቅሏታል። በሁሉም መረብ ላይ ደግሞ የየአበባውን አገር ስም ይጽፋሉ። «እኔ ፓስፖርት ቀየርኩ፤ እሷ እምቢ አለች» ይሉ ነበር። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በበኩላቸው «የማይበላ ነገር እንዲህ የሚያሞላቅቅ ሰው አላየሁም። ጎመን ብትተክል ምን አለበት?» እያሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተነታርከዋል።

«ከአገር ቤት የተላከ ሽንኩርት መስሎኝ!» አሉ ወይዘሮ ሙፈሪሓት ራሳቸውን ይዘው። «ለእንግዳ ብሎ ያስቀመጠው ነው ብዬ እኮ ነው! ወይኔ ጉዴ፣ በአሥራት ለቅሶ ሰው ልመርዝ ነበር!»

«ድስት የገባ አለ?»

«አንዱን ድስት አሁን ማቁላላት ጀምሬያለሁ።»

«ይደፋ። ይበላ አይበላ አናውቅም። ዊተን ያለው ሱቅ ኮል አድርጌ ሽንኩርት አስመጣለሁ።»

«‹ሜክሲኮ› የሚለውንም ድንች ነው ብዬ ለነገ አልጫ አስቀምጬዋለሁ» አሉ ሴትየዋ ቀስ ብለው።

ርብቃ ሳታስበው ሳቀች። ሳህኑን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። አንድም ደህና ፍሬ የለም፤ ሁሉም ተልጦ ተከትፏል። «አደራ በላሁ» አለች በልቧ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚች ደቂቃ ከፍቷት አያውቅም።

ድስቱን ደፍታ ልጣጩን ከቆሻሻው ልትቀላቅል ስትል፣ ከቡናማው ገለባ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጠጣር ነገር ጣቷን ነካቻት። አወቀቻት። አባቷ በየመከሩ ሥሩን ሲያራግፉ ከእናትየዋ ሥር የሚረግፉትን እነዚህን ፍሬዎች ያሳዩዋት ነበር። «ልጆቿ ናቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ለታገሣቸው ያብባሉ።»

ልጣጩን ሁሉ ትሪ ላይ አፍሳ፣ ብርሃን ወዳለበት ሳሎን ገባች።

«የአባዬን አበባ ሽንኩርት መስሎን ከትፈነዋል» አለች ቀጥ ብላ። «ከልጣጩ ውስጥ ፍሬ አለ። እንልቀምና እተክለዋለሁ።»

«እኔ ነኝ የከተፍኩት» አሉ ከኋላዋ የመጡት ወይዘሮ ሙፈሪሓት። «እሷ የለችበትም። የዓለምዬ፣ አፉ በይኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ፍራሹ ዞረ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ትሪውን አዩት።

«ወዲህ አምጪው» አሏት ልጃቸውን።

«ኧረ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ! ሐዘንተኛ ሥራ ይነካል እንዴ?» አሉ አንዲት ሴት።

«አርባ ዓመት አብሬው ስኖር አርፌ ተቀምጬ አላውቅም። ዛሬ ነው እንዴ?»

ትሪውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መነጽራቸውን አስተካክለው እንደ ምስር እየበተኑ ለቀማ ጀመሩ፤ ገለባውን ወደ አንድ ወገን፣ አፈሩን ወደ ሌላ። አተር የምታክል አንዲት ፍሬ ስትወጣ በጥቁር ነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። ቀና ብለው የወይዘሮ ሙፈሪሓትን እጅ ሳቡና መዳፋቸው ላይ አኖሯት፤ ከዚያም የጓደኛቸውን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፉላቸው።