በረኪና የጠጣው ጉድጓድ

ዒድ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የዘኪያ ሻወር ቤት ሞተር ዝም አለ።

ቤቷ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ናት፤ ከጃናሞራና ከበየዳ አቧራ ለብሶ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ይታጠብባታል። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ጓሮ ውስጥ፣ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ተጠራቅሞ ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ለክፍሎቹ መብራት ይሰጣል፤ የራሱ ሙቀት ደግሞ የመታጠቢያውን ውሃ ያሞቃል።

ጉድጓዱን የቆፈረውና ሞተሩን የሚጠግነው ጎረቤቷ አሻግሬ የጋዙን ቧንቧ ከፍቶ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባና አሽትቶ ወጣ።

«አንቺ ዘኪያ፣ ምን አፈሰስሽበት?»

«በረኪና። አማቴ ከመካነ ብርሃን ይመጣሉ ብዬ... እንዳይሸታቸው።»

«ብዙ ነው?»

«እስኪነጣ።»

አሻግሬ ሳቁ አመለጠው። «እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ አንቺ ረመዳን ላይ ነሽ። ጉድጓዱ ግን እኮ ጦመኛ አይደለም! በልቶ ነው የሚሠራው። የሚያብላሉትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ፈጀሻቸው።»

«ይድናል ጋሽ አሻግሬ?»

«እግዚአብሔር ካለ። ከበረቴ ትኩስ እበት ውሰጂና ለብ ባለ ውሃ እየበጠበጥሽ አጉርሽው። በረኪናሽን ግን አርቂልኝ።»

ዘኪያን የጨነቃት የውሃው መቀዝቀዝ ብቻ አልነበረም። ባሏ ባሽር በመጸዳጃ ቤት ጋዝ ውሃ ማሞቁን ከጅምሩ አልወደደውም። የሰፈሩ ሴቶችም የአማቷን የሰልማን አፍ ነው የሚጠብቁት። «እናቴ ለዒድ ከታጠበችበት ይቀጥላል» ብሏታል ባሽር፤ «ካልታጠበችበት ጉድጓዱን ደፍኜ ውሃውን በእንጨት ወደ ማሞቁ እመለሳለሁ።»

ሰልማ መጡ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ምራታቸው እበት በባልዲ ስታመላልስ አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውሃ የሚያሞቀውን እሳት ላስነሳ ነው እማማ። ውሃው የቧንቧ ነው፤ ቆሻሻው አይነካውም። እርስዎስ በኩበት ያሞቁ የለ?»

«ኩበትማ የከብት ነው» አሉ ሰልማ መቁጠሪያቸውን እየገፉ። «ጉድጓድሽ ውስጥ ያለው ግን የሰው ነው።»

ዘኪያ ጎንበስ ብላ በጦም አንጀቷ መበጥበጧን ቀጠለች።

የዒድ ዕለት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አሻግሬ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ያዘ፤ ደካማ ነው እንጂ ያዘ።

«ሞተሩን አያስነሳም» አለ። «እዚሁ በውሃው በርሜል ሥር ብናነደው ግን ውሃውን ያሞቃል። መብራቱ ለዛሬ ይቅር።»

አነደዱት። ውሃው ቀስ እያለ ለብ አለ፤ ቆይቶም እንፋሎት አወጣ። ዘኪያ አማቷን ልትጠራ ሄደች።

«ለሌሎቹ ይሁን ልጄ» አሉ ሰልማ። «እኔ ቀዝቃዛውን ለምጃለሁ።»

ባሽር በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን አያት። ዘኪያ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«እማማ፣ እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎን አፍሬ፣ እንዳይሸትዎ ብዬ በረኪና ደፋሁበት።»

ሰልማ መቁጠሪያቸውን መግፋት አቆሙ።

«ለእኔ ብለሽ ነው ያጠፋሽው?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ እበት የተሸከምሽውስ?»

«እሱም ለእርስዎ።»

«ታዲያ በጦም አንጀትሽ የደከምሽበትን ብመልሰው አላህ ምን ይለኛል? በይ ያዢኝ፤ ጉልበቴ አይታዘዝም።»

መታጠቢያው ጨለማ ስለነበር ዘኪያ ፋኖስ ይዛ አብራቸው ገባች። ባሽርና አሻግሬ ጓሮ ሆነው ውሃው ሲወርድ ሰሙ። ብዙም ሳይቆይ የአሮጊቷ ድምፅ ተከተለ።

«አንተ አሻግሬ! አለህ?»

«አቤት እማማ!»

«ጨምርበት እንጂ! ለማን ነው የምትቆጥበው?»

አሻግሬ እጁን ሲዘረጋ ባሽር ቀደመውና የጋዙን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተላቸው።