ባትሪና ሰላምታ

ባሌ ሌስተር ከሞተ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበሬ ባትሪ ላይ ግን እስካሁን የሚያዘው እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የእህል ማጨጃ ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ በባትሪ ጉዳይ ከእሱ ወዲያ አዋቂ አልነበረም። «ኤርላ፣ ጭልጥ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰኪው፤ በግማሽ የመጥገብ ልማድ ይይዘዋል» ይለኝ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ይህን ወንበር ሊያይ ከሳስካቱን ከተማ የሚመጣው ጠጋኝ ደግሞ ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል።

«እማማ፣ ይሄ የመሰርሰሪያ ባትሪ አይደለም! ማታ ማታ ይሰኩት። ባዶ ባደረጉት ቁጥር እየገደሉት ነው።»

እሺ እለዋለሁ። እሺ ብዬም የሌስተርን አደርጋለሁ። ሰውየው ትክክል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። የባሌን ቃል ማፍረስ እሱን እንደገና የመቅበር ያህል ከብዶኝ ነው።

ልጄ ዳሪል ርቆ ካልጋሪ ከተማ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት ወንበሬ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሲቆምብኝ ሰው ደውሎለት፣ ሥራውን ጥሎ እየበረረ መጣ።

«እማዬ፣ አንዴ ደግመሽ መንገድ ላይ ከቀረሽ አረጋውያን መጦሪያ ትገቢያለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት። ምን ላድርግ? ልጄ ነው፣ ፈርቷል። እኔ ግን ከቤቴ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው ብዬ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ።

በረዶው በጀመረ ሰሞን አንድ ጠዋት ዳቦና ወተት ልገዛ ወጣሁ። ስነሣ የባትሪው መብራት አረንጓዴ ነበር። ይሄ መብራት ውሸታም ነው፤ ባትሪው አርፎ ካደረ አረንጓዴ ያሳይና፣ ብርድና ዳገት ሲያገኘው ወዲያው ወደ ቀይ ይለወጣል። ስመለስ የባቡር ሐዲዱ አቀበት ላይ ወንበሬ ትንሽ አቃሰተና ቀጥ አለ። ሞባይል አልይዝም፤ ዳሪል በዚህም ሲጨቀጭቀኝ ነው የኖረው።

በእኛ ከተማ መኪና የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ ባያውቀውም እንኳ፣ እጁን አንሥቶ ሰላም ሳይል አያልፍም። መጀመሪያ የመጣችው የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ነበረች። ድረሽልኝ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። እሷም አወዛወዘችና ፈገግ ብላ አለፈች። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲመጣ ሁለቱንም እጄን አነሣሁ፤ ሾፌሩ በደስታ ጡሩምባ ነፋልኝ። ጎረቤቴ ኦረስት ሃቭሪሉክም በአሮጌ ፒክአፑ አለፈ፤ እሱ ደግሞ ኮፍያውን አነሣልኝ። ይህን ያህል ተወዳጅ መሆኔን አላውቅም ነበር። ሁሉም ያየኛል፣ ሁሉም ይስቅልኛል፣ የሚቆም ግን የለም። እንባዬ መጣ። በብርዱ አላሳብብም፤ ሰው ናፍቆኝ ነው ያለቀስኩት።

በመጨረሻ ታከተኝና እጆቼን ጭኔ ላይ ካለው ብርድ ልብስ ሥር ከተትኩ። ኦረስት ሲመለስ እንደገና ኮፍያውን አነሣ። እጄን ከብርድ ልብሱ አላወጣሁም። ፍሬኑ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ወደ ኋላ ነድቶ መጣና መስኮቱን አወረደ።

«ኤርላ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ሰላም ስልሽ ምን ያስኮርፍሻል? በመሰላሉ ከሆነ አመጣዋለሁ እኮ!»

«የምን መሰላል?»

«የሌስተርን ነዋ። ከጋራዥሽ የወሰድኩትን።»

«አንተ ሌባ! ባትሪዬ አልቆ ነው፣ ኦረስት። ቅድም ስታልፈኝም አልቆ ነበር።»

ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ እኮ የምትዝናኚ መስሎኝ...» ብሎ አቋረጠው።

ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቁትን ሁለት እጀታዎች አሳየሁት፤ እነሱ ሲከፈቱ ወንበሩ በእጅ ይገፋል። እያለከለከ ገፋኝ።

«ምን በልተሽ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«የባትሪው ክብደት ነው፣ ባለጌ።»

ቤት አስገብቶ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ሶኬት ሰካልኝ።

«ለዳሪል እንዳትነግረው» አልኩት።

«መንገድ ላይ ከቀረች ደውልልኝ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል።»

«እንግዲያው እያየኸኝ ኮፍያህን አንሥተህ እንዳለፍክም ጨምረህ ንገረው።»

ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፋ። «እሺ፣ ምንም አላየሁም» አለና ወጣ። አሸነፍኩ። በሩ ሲዘጋ ግን ምነው ትንሽ በተቀመጠ አልኩ።

ቻርጀር የተሰካበት ወንበር ንቅንቅ አይልም፤ አሠራሩ ነው። ብነቅለውም ወጥ ቤት ድረስ የሚያደርሰኝ አቅም አልነበረውም። እዚያው እንደተቀመጥኩ የወጥ ቤቱ ስልክ ጮኸ። ከዳሪል ሌላ ማን ይደውልልኛል? ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ድምፁን ልሰማው እንዴት እንደፈለግኩ!

ኦረስት በአጥሩ ማዶ በረዶ ሲዝቅ በመስኮቱ ይታየኛል። አካፋውን ተክሎ ከኪሱ ስልክ አወጣ። ወደ ቤቴ ቀና ብሎ ተመለከተና ማውራት ጀመረ፤ ዳሪል እኔን ሲያጣኝ እሱ ጋ ደውሎ ነው። ድምፁ ባይሰማኝም የሚለውን አውቀዋለሁ፤ እንዲደብቅልኝ ያስገደድኩት እኔው ነኝ። «እናትህ? ደህና ናት። ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ተባብለናል።»