ፊት ለፊት የማይወለቅ ካፖርት

በአቶ ጥሩነህ መቅኔ ውስጥ የተረፈው የመጨረሻ የደም ካንሰር ሴል ሰኞ ጠዋት ከአጥንታቸው ወጥቶ በአስታማሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ እንኳ ያየው የለም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሻይ ገዝተው ሲመለሱ ተቀምጦ አገኙት። ቡናማ ካፖርት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰማያዊ ጥልፍ አለበት።

ዶክተር ሃዊ መጥታ አየችው፤ አልተገረመችም።

«ኬሞው ሌሎቹን ጠርጎ ይሄን አስቀርቷል። አንድ ከቀረ ደግሞ መልሶ ይራባል። የምንሞክረው አዲስ መድኃኒት ግን ጥልፉን ዳስሶ ይይዝና ይገድለዋል።»

«ተሳስቶ ሌላ ሰው ቢይዝስ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ዐይን የለውም፣ እናቴ። የሚያውቀው ጥልፉን ብቻ ነው።»

አንዲት ነርስ መድኃኒቱን ሰቀለች። በቱቦው ወርዶ ወለሉ ላይ ሲደርስ ዐይን የሌለው ቀጭን ሰው ሆኖ ቆመ። የነርሷን ትከሻ በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ አለፋት።

ሴሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እንግዳ በርዶት ዝም ይባላል?» አሉ አቶ ጥሩነህ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡት።

ሴሉ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። «እርስዎስ ሊበርድዎት? በሞቴ፣ አባቴ!» አለና ካፖርቱን አውልቆ ደረበላቸው።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ጥሩነህ፣ አውልቀው!»

«ፊቱ ላይ? ምን ይለኛል?»

«ትሞታለህ እኮ!»

«እሺ፣ ትንሽ ልቆይና።»

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ሊያወልቁላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሴሉ ቀና ብሎ በትሕትና አያቸው። እጃቸው ኮሌታውን አስተካክሎ ተመለሰ።

መድኃኒቱ ደረሰ፤ ጥልፉን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፅ አልነበረም። ነበረ፤ ግን ከትንፋሽ አይበልጥም።

በሳምንቱ ዶክተር ሃዊ ጋቢ ከለበሰው ሰው መቅኔ ናሙና ወስዳ መረመረች።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ምንም የቀረ የለም» አለች። ነርሶቹ አጨበጨቡ።

ሰውየው የአቶ ጥሩነህን ጫማ አጠለቀ፤ ልኩ ነበር።

«እንሂድ፣ አስኩ» አለ። እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው ባላቸው ብቻ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያ ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ቆሟል። «እንሂድ» አሉና ክንዱን ያዙ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩ። ካፖርቱ እንደተቆለፈ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ ማንም የለም። መድኃኒቱ ትከሻውን አልለቀቀም። ባዶው እጅጌ ቀስ ብሎ ከፍ አለና ተሰናበታቸው።