ለግራ እጅ የተሞረደ እጀታ

ባዬን ስንቴ ነገርኩት! «እጀታውን በራስህ መዳፍ አትለካው፣ በእኔ እጅ ለካው» አልኩት። እሺ ይላል፤ ጀርባዬን ሳዞር ያንኑ ይሠራል። ልጄ ነው፣ ብሞትለት አይቆጨኝም፤ ግን ሲመከር ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

የቢላዋ እጀታ መግጠም የባሌ የበላቸው ሥራ ነበር። ቀጥቃጩ ከማኪና ባሌስትራ ስለቱን አውጥቶ ያለ እጀታ ያመጣልናል፤ እኛ እቤታችን የበሬ ቀንድ እንገጥምለታለን። ከስለቱ ግርጌ ሹል ጭራ አለ። እሱን በከሰል ያግሉትና ቀንዱ ላይ ይደቅኑታል፤ እያቃጠለ ይገባል። ሽታው አይጣል ነው! ከዚያ በሞረድ እየሞረዱ የጣት ማረፊያ ያወጡለታል። ማረፊያው ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ ጨበጥ ሲያደርገው ነው፤ ሌላ መለኪያ የለውም። የእኛም ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው፤ ባዬ ግራኝ ነዋ።

በላቸው ሲሞት ሥራውን ባዬ ያዘ። ወዲያው ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣና ወጣቱ ከየመንገዱ፣ ከየገበያው ይታፈስ ጀመር። የጎረቤቴ የሽታዬ ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። ኤርትራ ወሰዱት አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። «ባዬ ዛሪማ አጎቱ ዘንድ ለእርሻ ሄዷል» ብዬ አስወራሁና ጓዳ፣ ከእህል ጎታው ጀርባ ሸሸግኩት።

ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ እሱ እዚያው ነው። በር ሲንኳኳ ትንፋሹን ይውጣል። ሳል ሲይዘው ጋቢውን አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ፀሐይ አጥቶ ፊቱ ገረጣ። እኔስ ብሆን መቼ ወጣሁ? ለቅሶ እንኳ ሄጄ ሳልቀመጥ ነው የምመለሰው። በገዛ ቤታችን ሁለት እስረኞች ሆንን፤ ያውም ዘብ ሳይቆምብን! ሥራ ከፈታ ያብድብኛል ብዬ ከሰሉንም ቀንዱንም እዚያው ጓዳ አስገባሁለት። እሱ ይሠራል፣ እኔ አራዳ ገበያ ወስጄ እሸጣለሁ። ማን ሠራው ሲሉኝ «እኔ ነኛ! ምነው፣ ሴት እጅ የላትም?» እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መለሰ መጣ። የበላቸው ወዳጅ ነበር፤ ድሮ «አያ መለሰ» ነበር የምንለው፣ አሁን «ጓድ» ሆኗል። አንቱ የምለውም ፊት ለፊት ብቻ ነው። ጠመንጃ የያዘ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስከትሏል። ገብቶ ተቀመጠና ከኮቱ ኪስ ቢላዋ አወጣ።

«እንኳየሁ፣ ይህን ሚስቴ ካንቺ ነው የገዛችው። ሸጋ ሥራ ነው። ግን ሥጋ ልቆርጥበት በቀኜ ብይዘው ጣቴ ማረፊያ አጣ። በግራዬ ስሞክረው ልክክ አለ።»

በግራ እጁ ሥጋ የሚቆርጥ ማን አለ? ሰፈሩ የሚያውቀው ግራኝ ደግሞ አንድ ነው።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። «ቀኜን ቁርጥማት ይዞኝ በግራዬ ነው የምሠራው። ለቁርጥማቴ ሊከሱኝ ነው እንዴ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እስቲ አንዱን ግጠሚና ልይሽ።»

እምቢ ብለው ጓዳዬን ሊፈትሽ ነው። ከሰሉንና ቀንዱን ላመጣ ስገባ ባዬን ከጎታው ጀርባ ኩርምት ብሎ አየሁት። ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩለት፣ ዝም በል ማለቴ ነው። ራሱን ነቀነቀልኝ።

እኔ በላቸው ሲሠራ እያየሁ አረጀሁ እንጂ በሕይወቴ ጭራ ቀንድ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። ጭራው እስኪቀላ አግዬ፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በግራዬ ያዝኩትና ቀንዱ ላይ ደቀንኩት። ጢሱ ቤቱን ሞላው። ጠባቂው አፍንጫውን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ፤ መለሰ ግን ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ድረስ ገባልኝ። ከዚያ ቆመ፣ አልገባ አለ። ተጫንኩት። ቀንዱ ቀጭ አለ። እመብርሃን፣ አታሳፍሪኝ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። ደግሞ ቀጭ!

«አውጪው እማ፣ ቀዝቅዟል!» አለ ከጓዳ።

እጄ ታዘዘለት፤ ጭራውን ነቅዬ አወጣሁት። የሰማሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«ባዬ፣ ና ውጣ» አለ መለሰ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ።

ልጄ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጢሙ ማደጉን ልብ አላልኩም ነበር። ንዴቴ መለሰ ላይ አልነበረም፣ እሱ ላይ ነበር፤ ተነስቼ ደረቱን ደበደብኩት።

«አንተ ነሁላላ! ስንቱን ሳል ውጠህ ኖረህ፣ ለበሬ ቀንድ አፍህን ትከፍታለህ? ቢሰነጠቅ ይሰነጠቃ! ቀንድ ከቄራ ሞልቷል፣ አንተን ከየት አመጣለሁ?»

እጆቼን ሰብስቦ ያዘኝ።

«ለቀንዱ አይደለም» አለ። «ሲፈነዳ ስለቱ ጨርቁን አልፎ ጣትሽን ይወስደው ነበር።»

መለሰ ተነሳና ኮቱን አስተካከለ። «እኔም ሁለቱን ልጆቼን ለጦሩ ሰጥቻለሁ፣ እንኳየሁ» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ጠባቂው ባዬን ክንዱን ይዞ አስወጣው። አንገቱ ላይ ሊጠመጠሙ የፈለጉትን እጆቼን ታቅፌ በሩ ላይ ቀረሁ።

ይኸው ጣቶቼ ደኅና ናቸው፣ አንድም አልጎደለ። ምን ላድርጋቸው?