የአህያው ዘፈን

ታምሬ የሀጂ ሙዓዊያን ነጭ ፒክአፕ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆማ ሲያያት ልቡ ድው አለ። በማርያም! ካለው ቀን ሁሉ ዛሬን መርጠው ምን ሊሠሩ መጡ?

«የአዳራሹን ወንበሮች የሰጡት እሳቸው ናቸው እኮ፣ አባዬ» አለችው ልጁ ትሁት። «ከካርቱም የተፈናቀሉት አዳራሹ ውስጥ በከረሙ ጊዜ የድሮዎቹ ተሰባብረው አለቁ። የክብር እንግዳ ናቸው። ያላ፣ እንግባ።»

ትሁት እዚያው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ የአርት ፋኩልቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ፋኩልቲው በየወሩ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ለከተማው ሰው ይከፍታል፤ ነጋዴውም፣ ሻይ ሻጯም፣ ከስደተኞች ካምፕ የመጣውም ገብቶ ምሁር ሲናገር ይሰማል፣ ያልገባውን ይጠይቃል። የዛሬው ንግግር ስለ እርሻ ሠራተኞች ዘፈን ነው። ለዚሁ ብላ ትሁት ባለፈው ወር አባቷን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን አፉ ሥር ደቅና «አረም ስታርሙ የምትዘፍኑትን በልልኝ» አለችው። ልጅ ስትለምን ማን ይጨክናል? ዘፈነላት። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ዶካ አጠገብ፣ የሰሊጥ እርሻ ላይ ራሱ ያወጣውን ነው የዘፈነላት። ስለ ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም።

እንዴትስ ትንፍሽ ይበል! በዘፈኑ የተሰደቡት የእርሻው ጌታ ሀጂ ሙዓዊያ ናቸው። ታምሬ ደግሞ ዛሬ የሳቸው የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነው፤ የሚያድርባት ክፍልም የሳቸው፣ ትሁት የተወለደችውም በዚያችው ክፍል። ነገሩ ካፈተለከ እንጀራውም ቤቱም ባንድ ቀን ሄዱ ማለት ነው።

ያኔ ግን ጎረምሳ ነበር፣ ምን ይፈራል! ከመተማ ተሻግረው የመጡ ሃያ ልጆች ተሰልፈው ያርማሉ፤ ሀጂ ከኋላ ቆመው ይቆጣጠራሉ፤ ታምሬ በአማርኛ ያወርድባቸዋል፤ ጓደኞቹ እየሳቁ ይቀበሉታል። ሀጂ አማርኛ የት ያውቁና! ለሥራው ሞቅታ የተዘፈነ መስሏቸው «ማሻላህ! ማሻላህ!» እያሉ ያጨበጭቡለታል። ታምሬ ይህን እያስታወሰ ስንት ዓመት ለብቻው ስቋል። ዛሬ ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃለት።

ሹልክ ብሎ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። የትሁት አስተማሪ ዶክተር ሁዜይፋ፣ ቀጭን መነጽራም ሰው፣ ረጋ ብሎ ስለ ዘፈኖቹ ተናገረ። ከዚያ ትሁት ተነሥታ ስልኳን ማይኩ ላይ አስጠጋችው። የታምሬ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤

ፀሐይ አናት ወጣች፣ ውሃ የለም ገና፤
አህያው ይቅደም አሉ፣ ሰውማ ይችላልና።

ትሁት ወደ ዐረብኛ ስትመልሰው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ አስበልጠው የሳቁት ሀጂ ሙዓዊያ ናቸው፤ እንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የእንዲህ ያለ ዘፈን ባለቤት ብዙ ጊዜ አይታወቅም» አለ ዶክተሩ። «ዛሬ ግን ታድለናል።»

«ያወጣው አባቴ ነው» አለች ትሁት፣ ፊቷ በኩራት በርቶ። «ያውላችሁ፣ ከኋላ ተቀምጧል!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እያጨበጨቡ አስነሡት።

«አጎቴ ታምሬ፣ ያ አህያውን ያስቀደመ ሰውዬ ማን ነበር?» ሲል ዶክተሩ ጠየቀው።

ታምሬ ልጁን አየ፣ ሀጂን አየ።

«ሞቷል» አለ በዐረብኛ። «የዶካ ሰው ነበር። ከሞተ ቆየ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የታምሬ ግን እስኪያድርም አልጠበቀ። ሀጂ ሙዓዊያ ከፊት ወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ። ሳቃቸው ጠፍቷል።

«የሞተ ሰው ላይ ስቀን ብቻ አንበተንም» አሉ። «ፋቲሃ እንቅራለት፣ አላህ ይማረው።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። አዳራሹ ሁሉ አብሯቸው ዘረጋ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ለገዛ ነፍሳቸው ምሕረት ሊለምኑ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

ታምሬ አልቻለም። ሰው በቁሙ ሲቀበር ዝም ተብሎ ይታያል? ካባረሩኝም ያባርሩኝ አለ በልቡ።

«ሀጂ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን ያውርዱ! ሰውየው አንቱ ነዎት። ዋሽቼ ነው።»

ትሁት ማይኩን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ሀጂ እጃቸውን አወረዱ።

«እኔ?»

«አዎን።»

«ያ ማሻላህ እያልኩ ያጨበጨብኩለት ዘፈን?»

«እሱው ነው።»

ታምሬ ክፍሏንና አልጋውን በሐሳቡ ጠቅልሎ ጨረሰ።

«ውሃውን ከኩሬው የሚጎትተው አህያው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የሁለት ሰዓት መንገድ። ሳይጠጣ ቢወድቅ ሃያችሁም በጥም ታልቁ ነበር። እኔም ከእናንተ ኋላ ነበር የምጠጣው።»

ታምሬ በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። እውነት ነው፣ ሀጂ ከሠራተኛው ቀድመው ሲጠጡ አላየም። እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ።

«ታዲያ ያኔ ምነው ባልነገሩን?»

«በምን ቋንቋ?» አሉ ሀጂ።



«ደግሞ ‹ሰው ይችላል› አላልኩም!» ብለው ጮኹ ሀጂ፣ ድንገት ትዝ ብሏቸው።

«አላሉም» አለ ታምሬ። «እሱን ቤት እንዲመታልኝ ብዬ የጨመርኩት ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ዶክተሩ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ሀጂ ግን አልሳቁም። ለክብር እንግዳ ከተቀመጠው ጠረጴዛ ላይ የውሃውን ኮዳ አንሥተው በገዛ ወንበሮቻቸው መካከል ቀስ እያሉ እስከ ኋላ ድረስ መጡ።

«ነገ በጠዋት ሎሪዎቹ ይመጣሉ፤ መጋዘኑን በጊዜ ክፈት» አሉት። «ዛሬ ግን አንተ ቅደም።»

ታምሬ ተቀብሎ ግማሹን ጠጣ፤ የቀረውን ለሀጂ መለሰላቸው።